መረቡን በሞዴል 22 አውጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ጠመኔ ከእጄ አልተለየም። ይህ ደብዳቤ ግን ስለ ደመወዝም ስለ ትምህርት ጥራትም አይደለም፤ ስለ አንድ የመረብ ኳስ ቡድን ነው። በከተማችን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ለብዙ ዓመታት የቆየ፣ እኔም ሁለት ዓመት ማሊያውን የለበስኩት የሴቶች ቡድን ካቻምና ፈረሰ። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ማንንም በአደባባይ ለማሳጣት አልተነሳሁም። የሚመለከታቸው ሲያነቡት ራሳቸውን ያውቃሉ፤ የምፈልገውም ቡድኑ እንዲመለስ ብቻ ነው።

መፍረሱን ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሐሙስ ነበር። ከገበያ በርበሬና ሽንኩርት ሸክፌ በኮሌጁ አጥር ጥግ ሳልፍ የግራይንደር ድምፅ ሰማሁ። በሽቦው አጮልቄ ሳይ አንድ ጎረምሳ ተንበርክኮ የሜዳችንን የብረት ምሰሶ ከሥሩ ይቆርጣል፤ ፍንጣሪው ገረጋንቲው ላይ ይረጫል። አንደኛው ምሰሶ ቀድሞ ተቆርጦ ተጋድሟል። መረቡ እንደ ጋቢ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ቆማ ሞዴል 19 ትሞላለች። ዘበኛው ያውቀኛልና አስገባኝ። በትከሻዋ በኩል አነበብኩት፦ «የመረብ ኳስ መረብ፣ ያገለገለ፣ ብዛት 1።»

«ያገለገለ» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። እውነት ነው፤ አገልግሏል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላልሠራ አንባቢ፣ ሞዴል 19 ንብረት ወደ መጋዘን የሚገባበት ደረሰኝ ነው። የሚወጣው በሞዴል 22 ነው። የእኛ መረብ ሞዴል 22 ሳይቆረጥለት እነሆ ሁለት ክረምት አለፈው። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ቡድኑ በበጀት እጥረት ምክንያት «ለጊዜው ተቋርጧል» ነበር የሚለው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያንገበግበኝ እንድትረዱልኝ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ወደ ኮሌጁ የገባሁት በ1988 መጀመሪያ ነው። የመጣሁት ከጎማ ወረዳ፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ካለ የቡና ገጠር። እናቴ በቅል ጩኮ ቋጥራልኝ፣ አባቴ ቡና በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀምጦኝ። ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር እንጂ አፌን አልፈታሁበትም። በዚያ ላይ ሴት ልጅ ድምፅዋን ዝቅ ታድርግ ተብዬ ያደግኩ ነኝ። የመጀመሪያውን ወር ክፍል ውስጥ መምህር ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለቴን የምታውቀው አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ብቻ ነበረች።

አሰልጣኛችን (ሁላችንም «ቲቸር» ነበር የምንለው) ቁመቴን አይቶ አልመረጠኝም፤ አጭር ነኝ። ምግብ ቤት ውስጥ ተረኛ ሆኜ ምስር ስለቅም አይቶ «እነዚህ የቡና ለቃሚ ጣቶች ናቸው፤ ኳስ ያነሳሉ» አለ። እንዳለውም ሆነ። ለአጥቂዎች ኳስ የማነሳው እኔ ሆንኩ። ቡና የለቀመ ሰው ይገባዋል፤ ቀዩን ፍሬ ሳትጨምቅ፣ ቅርንጫፉን ሳትሰብር፣ ሁለቱም እጅ እኩል እየፈጠነ ነው የሚለቀመው። ኳስም ከጣት ጫፍ እንጂ ከመዳፍ አይነሳም።

ጣቴ እሺ ሲል ድምፄ እምቢ አለ። በመረብ ኳስ ኳሷ በሁለት ሰው መካከል ስትወርድ የሚወስዳት ሰው «የኔ!» ብሎ መጮህ አለበት። ካልጮኸ ወይ ይጋጫሉ፣ ወይ «አንቺ ትወስጃታለሽ» ብለው ሁለቱም ይተዋታል። እኔ «የኔ» የምለው ለራሴ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ኳስ መሐላችን ወድቃ እንደቀረች ልቆጥረው አልችልም። አንድ ቀን ቲቸር ልምምዱን አቆመና እኔን ከሜዳው ማዶ ዝግባው ሥር ወስዶ አቆመኝ። ራሱ ተመልሶ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቆመ። «ከዚህ ሆኜ እስክሰማሽ ድረስ የኔ በይ» አለኝ። ጓደኞቼ ቆመው ያዩኛል። ጉሮሮዬ ተዘጋ። ያን ቀን አልሰማኝም። በማግስቱም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ይሁን በአምስተኛው እንጃ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣኝ፤ የወጥ ቤት ሠራተኞች ማማሰያቸውን እንደያዙ በር ላይ ወጥተው አዩኝ። ቲቸር አላጨበጨበም። ፊሽካውን ነፍቶ «ወደ ቦታሽ» ብቻ አለ።

ዛሬ አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት ፊት ቆሜ ድምፄ እስከ መጨረሻው ዴስክ የሚደርሰው በዚያ ዝግባ ሥር ስለተገኘ ነው። የኮሌጁ ዲፕሎማ ማስተማር ፈቀደልኝ፤ ማስተማር ያስቻለኝ ግን ያ ሜዳ ነው።

አባቴ አያውቅም ነበር። ቱታና ሻሽ አድርገን ነበር የምንጫወተው፤ ቢሆንም የሚያውቀን ሰው አይቶኝ «ልጅህ ጅማ ላይ በወንድ ፊት ትዘላለች» ብሎ ነገረው። ክረምት እረፍት ስገባ ፊት ነሳኝ። ወደ ኮሌጅ መመለሴም ጥያቄ ውስጥ ገባ። ያ ክረምት ደግሞ የአትላንታ ኦሎምፒክ ክረምት ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 1988 ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን አሸነፈች፤ በኦሎምፒክ ማራቶን የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አሸናፊ ሆነች። ሬዲዮው ስሟን ሲጠራ አያቴ ከጓዳ «ማነው የጠራኝ?» ብላ ወጣች፤ እሷም ስሟ ፋጡማ ነው። አባቴ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ልጅቷ የየት ናት?» አለኝ። «የአርሲ፣ ከበቆጂ በኩል» አልኩት። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። በመስከረም ግን መኪናው ላይ ያሳፈረኝ ራሱ ነው።

ታኅሣሥ 1989 ላይ ከሌላ ከተማ ከመጣ ቡድን ጋር ተጋጠምን። ያኔ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ (ኳስ መትቶ የማስጀመር ተራ) የያዘው ቡድን ብቻ ነበር፤ ዙሩም በ15 ነው የሚያልቀው። ማንም ቢሳሳት ነጥብ የሚቆጠርበትና እስከ 25 የሚኬድበት ሕግ የመጣው እኛ ከተመረቅን በኋላ ነው። ስለዚህ አራተኛው ዙር 13 ለ13 ላይ ቆመ። ሰርቩ ከእኛ ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ እኛ ይመላለሳል፤ ነጥቡ ንቅንቅ አይልም። መሸ። ዳኛው ሰዓቱን አየ። ተመልካቹ አላንቀሳቅስ አለ፤ በርጩማ የሚጠርቡት አናጺዎች የራሳቸውን በርጩማ ተሸክመው መጥተው ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ጋሪ ነጂዎቹ ጋሪያቸው ላይ ቆመዋል። ኳሷ መታየት ሲያቅተን ከአጥሩ ውጭ አንድ ቡና የጫነ አይሱዙ አፍንጫውን ወደ ሜዳው አዙሮ ረጅም መብራቱን አበራልን። በዚያ መብራት ጨረስነው፤ 15 ለ13 አሸነፍን። የመጨረሻዋን ኳስ «የኔ!» ብዬ ነው ያነሳኋት።

ጨዋታው አልቆ ሹፌሩን ላመሰግን ብሄድ ጋቢና ውስጥ አባቴ ተቀምጧል። መብራቱን አብራላቸው ያለው እሱ ነው። «ኢንተለ ኮ (ልጄ)፣» አለኝ፣ «ድምፅሽን ከአስፋልቱ ላይ ሆኜ ሰማሁት።» አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ስለ ጨዋታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

እንግዲህ «ያገለገለ» የተባለው መረብ ይህንን ነው ያገለገለው። የእኔ ብቻ ቢሆን ትዝታ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። አብረውኝ ከተጫወቱት አንዷ ዛሬ ነርስ ናት፤ አንዷ ቡና ቀማሽ ሆና ትሠራለች፤ አንዷ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናት። ከእኛ በኋላ የተጫወቱትን ጨምረን የጀመርነው እቁብ እስካሁን ይጣላል። ቡድኑ መፍረሱን ስንሰማ በዚያው እቁብ ላይ ተሰብስበን ነው ዘመቻውን የጀመርነው።

በጀት ጠባብ መሆኑን እኛም እናውቃለን። እኔ ራሴ ጠመኔ ከኪሴ የገዛሁበት ወር አለ። ተማሪ መመገብ ከኳስ ይቀድማል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን የመረብ ኳስን ወጪ እናስላ። 18 ሜትር በ9 ሜትር የሆነ መሬት፤ እሱ አለ። ሁለት ምሰሶ፣ አንድ መረብ፣ ሁለት ኳስ፣ አንድ ደርዘን ማሊያ። በእኛ ጊዜ ኳሳችን ሲተረተር በር ላይ ያለው ጫማ ሰፊ በወስፌ እየሰፋ፣ ከመነዳሪው ሲተነፍስ እየለጠፈ ዓመቱን ያደርሰን ነበር፤ ሳንቲም ተቀብሎን አያውቅም። ትልቁ ወጪ ለውድድር ሲወጣ ትራንስፖርትና አበል ነው።

ስለዚህ ባዶ እጃችንን አልሄድንም። መጀመሪያ ጊዜ ቢሮ ስንገባ አሥራ ሁለት ገጽ ፊርማ ይዘናል። ከፊርማዎቹ መካከል ያኔ በርጩማቸውን ተሸክመው ይመጡ የነበሩ አናጺዎች ልጆች አሉበት፤ የባጃጅ ሹፌሮች አሉበት፤ በጣት አሻራ የፈረሙ የገበያ እናቶች አሉበት። በትሕትና ተቀበሉን፤ ይህን ልመስክር። «በጀት የለም» አሉን። ተመልሰን መዋጮ ሰበሰብን። ኳሱን የእቁባችን አባላት፣ ማሊያውን አንድ ቡና ነጋዴ፣ ምሰሶውን አንድ በያጅ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የትራንስፖርቱን ደግሞ ከየደመወዛችን። ዝርዝሩን በጽሑፍ አድርገን ሁለተኛ ሄድን። አሁን መልሱ ተለወጠ፤ «በአዲሱ መዋቅር ላይ ቡድኑ ተጠሪ የለውም» ሆነ። ሦስተኛ ስንሄድ ቢያንስ መረቡን አውሱን አልን። «ንብረት ለማውጣት የሚረከብ ክፍል ያስፈልጋል» ተባልን። የሚረከብ ክፍል ደግሞ መዋቅሩ ላይ የለም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። የጎደለው ገንዘብ አይደለም። ኳስ በመዋጮ ይገዛል፣ ምሰሶ በመዋጮ ይበየዳል፤ ማኅተም ግን በመዋጮ አይገዛም። አንድ ቡድን በኮሌጁ ስም ውድድር ላይ እንዲመዘገብ ተጫዋቾቹ ተማሪዎቹ መሆናቸውን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይፈልጋል። የምንለምነው ያንን አንድ ገጽ ነው። አንድ መምህር በደብዳቤ ተጠሪ ይሁን፤ ተጨማሪ ደመወዝ አይጠየቅበትም፤ ፈቃደኛ መሆናቸውን የነገሩን መምህራን አሉ። ሜዳው ከሰዓት ከ10 እስከ 12 ይከፈት። ሌላው በእኛ።

አንዳንድ ሰው «ሴቶቹ የመጡት ሊማሩ ነው፣ ምን ያዘልላቸዋል» ይላል። ለዚህ አባቴ መልሶልኛል፤ እኔ አልጨምርበትም። አለባበሱን ለሚያነሱ ደግሞ በ2008 በሪዮ ኦሎምፒክ ግብፃዊቷ ዶአ ኤልጎባሺ በአሸዋ ላይ መረብ ኳስ በሂጃብ ተጫውታለች፤ ዓለም አይቷል። የወንዶቹ የእግር ኳስ ቡድን አልፈረሰም፤ እሰየው፣ አይፍረስ። ግን በጀት ሲያጥር ቀድሞ የሚቆረጠው የሴቶቹ ምሰሶ ለምን ሆነ? ስለ ሴቶች መብት የሚናገረው የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 35 የተጻፈው ይህ ጥያቄ እንዲነሳ ይመስለኛል።

ጅማ ለስፖርት የሚጮህ ሕዝብ አጥታ አታውቅም። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ከተማው እንዴት እንደሆነ ያየ ያውቃል። እኔ ያን ቀን ከተማሪዎቼ ጋር መንገድ ላይ ነበርኩ። በዚያ ጩኸት ውስጥ አንዲት ትንሽ ተማሪዬ እጄን ይዛ «ቲቸር፣ የሴቶቹስ?» አለችኝ። ያኔ የምነግራት ነበረኝ፤ ኮሌጅ ስትገቢ ቡድን ይጠብቅሻል አልኳት። ዘንድሮ ኮሌጁ ገብታለች። ቁመቷ በልጦኛል። ቡድኑ የለም።

እሷና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ይመጣሉ። ርዕሰ መምህሩ ፈቅደውልን በሁለት ግራቪሊያ ዛፎች መካከል ገመድ እንወጥራለን። ዝናብ ሲመጣ፣ ጅማ ደግሞ ዝናቧን ታውቃላችሁ፣ በረንዳ ላይ ሆነን በግድግዳ እንለማመዳለን። ከሰጠማ የመጣች አንዲት ግራኝ ልጅ አለች፤ በግራ እጇ ስትመታት ኳሷ ገመዱን አልፋ ማንም ባልጠበቀው ጥግ ነው የምትወርደው። እንደሷ ያለች አጥቂ በእኛ ጊዜ ቢኖረን ያን ዙር ሳይመሽ በጨረስነው ነበር። ልጅቷ ግን ኳሷ በሁለት ሰው መካከል ስትወርድ ዝም ትላለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁ አይወጣም። ባለፈው ቅዳሜ ግቢው ጥግ ወስጄ አቆምኳትና እኔ ማዶ ሄጄ ቆምኩ። ገና አልሰማኋትም። ጓደኞቿ «ጃባዱ! ጃባዱ!» (በርቺ! በርቺ!) ይሏታል። ልምምዱ ሲያልቅ ቀርባ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቲቸር፣ ውድድሩ መቼ ነው?»

የሚመለከታችሁ ይህንን ካነበባችሁ ያለውን ነገር ልንገራችሁ። ምሰሶዎቹ ተበይደው አልቀዋል፤ በያጁ ግቢ ውስጥ ፀረ ዝገት ተቀብተው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሲሚንቶውና አሸዋው ተገዝቷል፤ ሲሚንቶው እርጥበት ሳይነካው ቢሠራበት ደስ ይለናል። የምትፈቅዱበትን ቀን ንገሩን እንጂ ጉድጓዱን የሚቆፍሩ ሰዎች አሉን። መረቡ እናንተ መጋዘን ነው፤ ሞዴል 22 ይቆረጥለት።

አንድ ነገር ብቻ መጋዘናችሁ ውስጥ አታገኙም። ቲቸር የመረቡን ከፍታ የሚለካበት፣ በጋለ ብረት ሁለት ቦታ ምልክት የተደረገበት የቀርከሃ ዘንግ ነበር፤ ታችኛው ምልክት 2 ሜትር ከ24 ለሴቶች፣ ላይኛው 2 ሜትር ከ43 ለወንዶች። ጡረታ ሲወጣ ለእኔ ሰጥቶኛል። ቤቴ፣ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። መረቡን የምትሰቅሉ ቀን ላኩብኝ፤ ይዤ እመጣለሁ።

አንዲት የቀድሞ ተጫዋች
ከጅማ